የሕይወት ትምህርት በጓዳና በጓሮ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሕይወት ጥናት፣ ይኸውም ባዮሎጂ ስለሚባለው ትምህርት ነው። የዚህን ትምህርት ስም ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሊቅ፣ የመስተዋት ዕቃ የተደረደረበት ክፍል፣ ዋጋው የከበደ አጕሊ መነጽር ነው። ልጆቻችንም ትምህርቱን ከሰሌዳ ገልብጠው፣ ቃሉን በቃል አጥንተው ፈተናውን ያልፋሉ፤ ካለፉም በኋላ ይረሱታል። የሚረሱትም ነገሩ ከአእምሮ በላይ ስለ ሆነ አይደለም፤ ምሳሌው ከሩቅ ስለሚመጣባቸው ነው። በዐይኑ አይቶት የማያውቀውን ዛፍና አውሬ እየጠቀሱ የሚያስተምሩት ልጅ ሕጉን ከነገሩ ጋር ሊያገናኘው አይችልም።

ነገር ግን የሕይወት ጥናት መሠረታዊ ሕጎች ሁሉ በየቤታችን ጓዳና በየደጃፋችን ጓሮ ሲፈጸሙ ይውላሉ። እንቍላሉ፣ ሊጡ፣ ባቄላው፣ ሽሮው፣ ቡናው አስተማሪዎች ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ ጥቂቶቹን በተራ አነሣለሁ፤ የመጨረሻው ትምህርት ግን የልጆች ትምህርት ብቻ ሳይሆን የአገር እንጀራ ጉዳይ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መጀመሪያ ከእንቍላል እንነሣ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ዝሆንም ሆነ ጤፍ፣ የተሠራው ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከቡሽ የተቀረፈ ስስ ቅራፊ በአጕሊ መነጽር ሲመለከት የማር እንጀራ የሚመስሉ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች እንዳየ ገለጸ፤ ሴል የሚለውንም ስም ያወጣላቸው እርሱ ነው። ብዙ ሰው ሕዋስን በግንብ ውስጥ ካለ ጡብ ጋር ያመሳስለዋል። ይሁን እንጂ ጡብ በድን ነው፤ ሕዋስ ግን ራሱ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ተከፍሎም ሁለት ይሆናል።

ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ በዐይን ብቻ አይታይም። አንዱን ግን በየቀኑ በእጃችን እንይዘዋለን። አውራ ያልደረሰባት ዶሮ የጣለችው እንቍላል አስኳሉ አንድ ሕዋስ ነው። ቢጫው ስንቅ ነው፤ በላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ነጣ ያለች ነጥብ ደግሞ ጫጩት የሚጀመርባት ስፍራ ናት። ቅርፊቱ ድፍን መስሎ ቢታየንም በሺህ የሚቈጠሩ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጫጩቷ የምትተነፍሰው በእነርሱ ነውና። አውራ የደረሰበት እንቍላል ሲሆን ግን ያች ነጥብ መከፈል ትጀምራለች፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ ይሄዳል። ዶሮዋ በታቀፈች በዐምስተኛው ቀን ግድም እንቍላሉን ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ ከባትሪ መብራት ፊት ቢይዙት ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። በሃያ አንደኛው ቀን ግድም ጫጩቷ ቅርፊቱን ሰብራ ትወጣለች። ክንፏም፣ ዐይኗም፣ ልቧም ከዚያች ከአንዲት ሕዋስ መከፋፈል የመጡ ናቸው። እኛም እንደዚሁ ነን። ቍስል የሚሽረው፣ ጥፍርና ጠጕር የሚያድገው በዚሁ ሕግ ነው፤ ነቀርሳ የሚባለው ክፉ በሽታም ሕዋሶች የመከፋፈላቸውን ልክና ሥርዐት ሲያፈርሱ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው አስተማሪ ቅጠል ነው። ትልቅ ዋርካ ከምን ይሠራል ብለን ብንጠይቅ አብዛኛው ሰው ከዐፈር ነው ብሎ ይመልሳል። ቫን ሄልሞንት የተባለ የቤልጅግ አገር ሰው ይህን ለመመርመር ፈለገ። ዘጠና ኪሎ ያህል ደረቅ ዐፈር መዝኖ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አደረገ፤ ከሁለት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ የአኻያ ችግኝም ተከለበት። ዐምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣው። በዐምስተኛው ዓመት ዛፉን ነቅሎ ቢመዝነው ሰባ ስድስት ኪሎ ያህል ሆነ። ዐፈሩን አድርቆ ቢመዝነው ግን የጐደለው ስድሳ ግራም እንኳ አልሞላም። ይህም ከሞተ በኋላ በ1648 ታተመ። ሰውዬው ዛፉ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ፤ የእውነቱን ግማሽ አገኘ ማለት ነው። ሌላው ግማሽ በአየር ውስጥ ነበር። በ1779 ያን ኢንገንሁስ የተባለው የሆላንድ ሐኪም አረንጓዴው የተክል ክፍል የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ አየርን እንደሚያጠራ አስረዳ። ዛሬ እንደምናውቀው ቅጠል እኛ የምንተነፍሰውን የተቃጠለ አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይቀበላል፤ ከሥር ከመጣለት ውሃ ጋርም በፀሐይ ኀይል አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፤ ኦክሲጅኑንም መልሶ ለእኛ ይለቃል።

የጤፍ ቅንጣት እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆነች አንድ ግራም ለመሙላት ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። ከዚያች ኢምንት ፍሬ የሚበቅለው ሙሉ ዘለላና ጭድ ክብደቱን ያገኘው በአብዛኛው ከአየርና ከውሃ ነው። እንግዲህ እንጀራ በምንበላ ጊዜ የምንበላው የፀሐይን ብርሃንና የአየርን ትንፋሽ ነው ብንል ቅኔ መናገራችን አይደለም፤ የሕይወት ጥናት የሚመሰክረው እውነት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት በጓዳ ውስጥ ነው፤ ብቅልና እርሾ። ተክል ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ሁሉ በዕለቱ አይበላውም። ከእርሱ ብዙውን ስታርች ወደሚባል ደረቅ ስንቅ ለውጦ በፍሬው ውስጥ ያስቀምጠዋል። የገብስ ፍሬ እንግዲህ አንድ ሕፃን ተክልና የሕፃኑ ስንቅ በአንድነት የታሸጉበት ከረጢት ነው። ጠላ ጠማቂ እመቤቶች ይህን ሊቃውንት ከመጻፋቸው በፊት በሥራ ያውቁት ነበር። ገብሱን ዘፍዝፈው በቅጠል ሸፍነው ሙቀት ባለበት ስፍራ ሲያኖሩት ሕፃኑ ይነቃል፤ ስንቁንም ለመብላት ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ብቅል ሲያኝኩት የሚጣፍጠው ከዚህ የተነሣ ነው። በጨለማ ስለ በቀለም ቡቃያው ገርጥቶ ይታያል፤ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ሐመልሚል ያለ ብርሃን አይሠራምና። እመቤቲቱም ሕፃኑ ስንቁን ጨርሶ ሳይበላው ብቅሉን በፀሐይ አስጥታ ታደርቀዋለች። ስኳሩን የምትፈልገው ለሌላ በላተኛ ነውና።

ያ በላተኛ እርሾ ነው። እርሾ የምንለው ውሃ በዐይን የማይታዩ ሕያዋን የሚርመሰመሱበት ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው ዝነኛ ፈረንሳዊ ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች መቡካት የሕያዋን ሥራ እንጂ የበድን ነገር መበላሸት አለመሆኑን አስረዳ። እነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን ስኳሩን እየበሉ የተቃጠለ አየር ይተነፍሳሉ። በሊጥ ላይ የሚታየው አረፋ የእነርሱ ትንፋሽ ነው፤ የእንጀራ ዐይንም የተቃጠለው አየር በምጣዱ ትኵሳት ፈንድቶ ሲወጣ ትቶት የሄደው ጕድጓድ ነው። ኩምጣጤው ደግሞ ባክቴሪያ የሚባሉት ወገኖች የሚሠሩት አሲድ ነው። በክረምት ብርድ ሊጥ የሚዘገየው፣ በሙቀት የሚፈጥነው፣ ሕያዋን ስለ ሆኑ ሙቀት ሥራቸውን ስለሚያፋጥነው ነው። አብሲት መጣሉም በከንቱ የተለመደ አይደለም፤ በፈላ ውሃ የበሰለ ስታርች ለእርሾው እንደ ተዘጋጀ ገበታ ይሆንለታል። ከዚህ የምንማረው፣ በዐይን የማይታይ ሕያው ነገር ሁሉ ጠላታችን አለመሆኑን ነው። ወተትን የሚያበላሸውም፣ እርጎን የሚሰጠንም፣ በሽታ የሚያመጣብንም፣ እንጀራችንን የሚያቦካልንም ከዚህ ከማይታየው ሕዝብ መካከል ነው፤ ጥበቡ ወዳጁን ከጠላቱ መለየት ነው።

አራተኛው አስተማሪ ባቄላ ነው። ከአየር ውስጥ ከመቶ 78 እጅ ናይትሮጅን የሚባለው ነው። ያለ እርሱ ሥጋና ጅማት አይሠራም። ይሁን እንጂ ሰውም፣ በሬም፣ ስንዴም ቢሆን ይህን ናይትሮጅን ከአየር በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት በዚህ ይፈጸማል፤ በናይትሮጅን ባሕር ውስጥ እየኖሩ ናይትሮጅን ይርባቸዋል።

ባቄላን በእሸትነቱ ወራት ከነሥሩ ቀስ ብለው ቢነቅሉት በሥሩ ላይ የተለጣጠፉ ትንንሽ እብጠቶች ይገኛሉ። ያላወቀ ሰው በሽታ ይመስለዋል። አንዱን እብጠት በጥፍሩ ቢከፍተው ግን ውስጡ ቀላ ብሎ ያየዋል፤ ይህም ቀለም ደማችንን ከሚያቀላው ነገር ጋር የሚዛመድ ነው። በእብጠቱ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ይዘው ለተክል በሚስማማ መልክ ይለውጡታል፤ ባቄላውም በምላሹ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይመግባቸዋል። ሄልሪጌልና ዊልፋርት የተባሉት ጀርመናውያን ይህን በ1880ዎቹ ዓመታት አስረዱ። ይህን የመሰለውን አብሮ መኖር ሊቃውንቱ የመረዳዳት ኑሮ ይሉታል። ገበሬዎቻችን ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ በተዘራበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘሩበት አዝመራው እንደሚያምር ከአባቶቻቸው ተምረዋል። በጾም ቀን ሥጋ ሳንበላ ሽሮ የሚያበረታን፣ በሥር እብጠት ውስጥ የተደበቁት እነዚያ ሠራተኞች ከአየር የያዙትን ሲሳይ ስለ ሰጡን ነው።

ዐምስተኛው ትምህርት ሽሮው ራሱ ከሚፈጭበት ከአተር ይገኛል። ልጅ አባቱን ወይም እናቱን ሲመስል፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱንም ትቶ አያቱን መስሎ ሲወለድ እናያለን። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ተረት ከዚህ የመጣ ነው። ይህ መሳሳብ ግን ሕግ አለውን? ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኵሴ በብሩን ከተማ፣ በገዳሙ አትክልት ስፍራ፣ ይህን ጥያቄ ለአተር አቀረበው። ፍሬው ድቡልቡል የሆነውን አተር ፍሬው ከተጨማደደው አተር ጋር አዳቀላቸው። በመጀመሪያው ትውልድ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ፤ ጭምድዱ ጠፋ። እነዚህን መልሶ ዘርቶ እያንዳንዱ በራሱ እንዲራባ ቢተዋቸው ግን ጭምድዱ እንደ ገና ብቅ አለ። ሜንዴል ቈጠራቸው፤ 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 ጭምድድ ሆኑ። ይህም ሦስት ለአንድ ያህል ነው።

ትርጓሜው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት ጽሑፍ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነው። የድቡልቡልነት ጽሑፍ የጭምድድነትን ጽሑፍ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ተሸፍኖ የቈየው በልጅ ልጅ ጊዜ ሁለቱ ጭምድዶች ከተገናኙ ተመልሶ ይገለጣል። ሜንዴል ይህን በ1866 አሳተመ፤ የሰማው ሰው ግን ጥቂት ነበር። በ1884 ሞተ፤ ሥራው የታወቀለት በ1900 ነው።

የዘር ጽሑፍ በሕዋስ ውስጥ ክሮሞዞም በሚባሉ ክሮች ተጠቅልሎ ይኖራል። ይህን ለማስረዳት ከበቅሎ የተሻለ ምስክር የለም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የጠየቋትን ትታ በእናቷ ወገን ተመካች፤ አባቷ አህያ ነውና። ፈረስ 64 ክሮሞዞም፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ እኩሌታውን ስለሚወስድ በቅሎ ከባዝራዪቱ 32፣ ከአህያው 31 ተቀብላ 63 ትይዛለች። ይህ ቍጥር ጐዶሎ ነው፤ ክሮቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ሊገጣጠሙ አይችሉም። በቅሎ ለሸክምና ለመንገድ ከሁለቱም ወላጆቿ ብትበረታም መካን የምትሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ስድስተኛውና ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም የእንሰትና የቡና ትምህርት ነው።

በጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች ግልባጭ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። አንዱ ደብዳቤ ተጽፎ ግልባጩ ለየመሥሪያ ቤቱ ይላካል፤ ሁሉም ቃል በቃል አንድ ነው። በዋናው ላይ ስሕተት ቢኖር በግልባጩም ሁሉ ላይ ይገኛል። ተክልም በግልባጭ ይራባል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐድያ፣ በወላይታና በሌሎችም አገሮች እንሰትን የሚያራቡት በፍሬው አይደለም። ግንዱን ቈርጠው፣ ከመካከሉ ያለውን ቡቃያ አውጥተው ጕልቻውን በዐፈር ሲያለብሱት ብዙ ችግኞች ከዙሪያው ይፈልቃሉ። እነዚህ ሁሉ የእናታቸው ግልባጮች ናቸው። የእናቲቱ ጥሩነት ሳይጐድል ይተላለፋል፤ ድካሟም እንዲሁ። የእንሰት አጠውላጊ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ ተገልጿል፤ በሽታውም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ በቢላዋ ነው። አንድ ዓይነት ግልባጭ ብቻ ለተከለ ገበሬ ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ስለዚህም ብልኆቹ የእንሰት ገበሬዎች በአንድ ጓሮ ውስጥ ልዩ ልዩ ስም ያላቸውን ብዙ ዓይነቶች አሰባጥረው ይተክላሉ፤ አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለቃጫ፣ አንዱ በሽታን በመታገሥ ይመረጣል።

ቡና ይህን ትምህርት በዓለም ፊት አሳይቶታል። የዓረብ ቡና ተብሎ የሚጠራው ቡና የትውልድ አገሩ የእኛው ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ወደ ውጭ አገር የወጣው ግን ከጥቂት ዛፎች ነው። በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ሹማምንት ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ ዐሥራ አራተኛ አንድ የቡና ተክል ገጸ በረከት ሰጡት፤ በአሜሪካ አህጉር ከተስፋፋው ቡና ብዙው የዚህ ተክልና የጥቂት ዘመዶቹ ዘር ነው። እንግዲህ በሚሊዮን የሚቈጠር ዛፍ እንደ አንድ ደብዳቤ ግልባጭ ሆነ ማለት ነው። ይህ በጐ ቀን ሳለ ጕዳት የለውም። በሴይሎን ደሴት ግን በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ገባ። የሚቋቋመው ዛፍ ባለመገኘቱ የደሴቲቱ የቡና እርሻ በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ጠፍቶ በሻይ ተተካ።

የእኛም ቡና ተፈትኗል። በኬንያ በ1922 የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ፣ ከሻጋታ ወገን የሆነና እሸቱን ፍሬ አጥቍሮ የሚያረግፍ፣ በ1971 በኢትዮጵያ ታየ። ብዙ ገበሬ ምርቱን አጣ። ነገር ግን የእኛ ደን የግልባጭ ደን አልነበረም። ባለሙያዎች በበሽታው መካከል ፍሬያቸውን እንደ ያዙ የቆሙትን ዛፎች በየጫካውና በየጓሮው እየዞሩ ፈለጉ፤ ዘራቸውንም ወስደው በጅማ የምርምር ጣቢያ ፈተኑ። ዛሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ ገበሬው የሚተክለው 74110 የተባለው ቡና ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እናቲቱ ዛፍ የተመረጠችበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታሉ። መድኃኒቱ በሽታው በገባበት በዚያው ደን ውስጥ ነበረ። ባይኖር ኖሮ ማን ሊሠራው ይችል ነበር?

ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። የዘር ጽሑፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል። ብዙው ለውጥ አይጐዳም፣ አይጠቅምም፤ አንዳንዱ ይጐዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬ የማይታወቅ፣ ነገ ግን የሚያድን ይሆናል። ጠላት በመጣ ጊዜ ደካማው ይወድቃል፣ የቆመው ይራባል። ይህ ሕግ ለወዳጅ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለጀርምም ይሠራል። በሽተኛ ሐኪም ያዘዘለትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሳይጨርስ ትንሽ ሻል ሲለው የሚተወው እንደ ሆነ፣ ከባክቴሪያዎቹ መካከል ጠንካሮቹ ተርፈው እንዲራቡና መድኃኒቱን የሚንቅ ወገን እንዲነሣ መንገድ ሊከፍት ይችላል። በቡና ዛፍ ያዳነን ሕግ በዚህ ጊዜ ይፈርድብናል።

የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ በጐበኘ ጊዜ ያስደነቀው ይኸው የዘር ልዩነት ነበር፤ አገራችንንም የዓለም ሰብሎች ከተገኙባቸው ታላላቅ ማዕከሎች መካከል ቈጠራት። በካሊፎርኒያ የገብስን እርሻ ያስጨነቀው ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ የመቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ከሄደ ገብስ ነው። ያን ገብስ ዘር እየለየ፣ ጐተራ እየከፈለ፣ በክፉ ዘመን እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይበላ ያቈየው ስሙ የማይታወቅ የደጋ ገበሬ ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ብዙ ዓሥር ሺህ የዘር ናሙናዎችን በብርድ ክፍል ያስቀምጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በብርድ ክፍል ያለ ዘር እንደ ተኛ ሰው ነው፤ በሽታውም፣ ድርቁም፣ ተባዩም በውጭ እየተለዋወጡ ሳለ እርሱ አይለወጥም። ከጊዜው ጋር እየታገለ የሚኖረው በገበሬው ማሳ ላይ ያለው ዘር ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ነገር በተለይ ለመንግሥት ሠራተኞች ማሳሰቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ባላገር ለሥራ ስንወጣ በአንድ ማሳ ውስጥ ጥቍሩ ከነጩ፣ ረጅሙ ከዐጭሩ ተደባልቆ የበቀለ እህል እናያለን። ለመዝገብና ለመስመር የለመደ ዐይናችን ይህን እንደ ዝርክርክነት ይቈጥረዋል። በዝናብ የተቈረጠ ዓመት ዐጭሩ፣ ዝናብ በበዛበት ዓመት ረጅሙ፣ በሽታ በገባበት ዓመት ሦስተኛው የሚተርፍ መሆኑን ግን ገበሬው ያውቃል። የተሻሻለ ዘር ምርትን ያበዛልና ሊሰጠው ይገባል፤ እኔም ይህን የምቃወም አይደለሁም። ነገር ግን አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይጣል የሚል ትእዛዝ በአንድ ፊርማ የሚያጠፋውን ነገር ሺህ ፊርማ ሊመልሰው አይችልም። የተጻፈ ሰነድ ቢቃጠል ግልባጩ ከሌላ መዝገብ ቤት ይገኛል፤ የጠፋ ዘር ግን የሚገኝበት መዝገብ ቤት የለውም። የተሻሻለው ዘር ራሱ ሲደክም የሚታደሰው ከዚያ ከተናቀው ዘር መሆኑን አንርሳ።

ለወላጆችም አንድ ቃል ልጨምር። ልጃችሁ ስለ ሕይወት ጥናት ሲጠይቃችሁ መጽሐፉን ብቻ አታሳዩት። ጥቂት ገብስ በሁለት ሳሕን ላይ አርጥባችሁ አንዱን በመስኮት አጠገብ፣ አንዱን በሣጥን ውስጥ እንዲያበቅል አድርጉት፤ በሳምንቱ አረንጓዴውንና የገረጣውን ያስተያይ። ከጓሮ ባቄላ ካለ ነቅሎ ሥሩን ይቍጠር። ለሽሮ ከተገዛው አተር እፍኝ ስጡት፤ መልኩንና ቅርጹን እየለየ ይደርድር፣ ይቍጠር፤ ሜንዴልም የሠራው ከመቍጠር ሌላ አልነበረም። እናት ሊጥ ስታቦካ የአረፋውን ምክንያት ትንገረው። ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቀው የማየትን ትዕግሥት ነው። በዚህ ዓይነት የተማረ ልጅ ፈተናውን ካለፈ በኋላ አይረሳውም፤ አድጎም ከወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ ስለ ዘር፣ ስለ ደን፣ ስለ መድኃኒት የሚቀርብለትን ወረቀት ምን እንደሚፈርም ያውቃል።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ሕዋስ ይጀምራል፤ ሲሳዩን በመጨረሻ በአብዛኛው ከብርሃን ያገኛል፤ በመረዳዳት ይኖራል፤ በልዩነቱም ከጥፋት ይድናል። ይህን ለማወቅ ከቤታችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።